ገድሎም ክቡር? የኤሚሊያን ስድብ አትቁረጡት

ጥያቄ፦ «መምህር፣ አራት ኪሎ አካባቢ የምንለማመድ አማተር የቴአትር ቡድን አለን። የሼክስፒርን ኦቴሎ ልናቀርብ ነው፣ እኔ የኢያጎን ሚስት ኤሚሊያን ነኝ የምጫወተው። አዘጋጃችን የመጨረሻውን ገቢር ሲያሳጥር እኔ ኦቴሎን የምሰድብበትን ክፍል ሊያወጣው ነው። ‹የትራጀዲ ጀግና እስከ መጨረሻው ክቡር መሆን አለበት፣ ያንቺ ስድብ ክብሩን ይገፈዋል› ይላል። እኔ ደግሞ ሚስቱን አልጋዋ ላይ አንቆ የገደለ ሰው ምን ክብር አለው ብዬ ተጣላሁት። ግማሹ ቡድን ‹ኢያጎ አሳስቶት እንጂ እሱ ምን አደረገ› ባይ ነው። ለመሆኑ እንዲህ ያለ ነገር የሠራ ሰው ክቡር ሆኖ ሊቀር ይችላል? ማናችን ነን ልክ?»

አጭሩ መልስ፣ ይችላል ነው። ግን አዘጋጅሽ ባሰበው መንገድ አይደለም፣ ያ ክፍልም መውጣት የለበትም። «ኢያጎ አሳስቶት ነው» የሚሉት ጓደኞችሽ ደግሞ ለኦቴሎ ጥብቅና የቆሙ እየመሰላቸው ጭራሽ እያሳነሱት ነው። በነገራችን ላይ አንቆ አይደለም፣ አፍኖ ነው የገደላት። ተራ እርማት እንዳይመስልሽ፣ እመለስበታለሁ። ተውኔቱን ለማያውቅ አንባቢ፦ ኢያጎ የጦር አዛዡ የኦቴሎ የበታች ነው፤ ሚስትህ ዴዝዴሞና ከካሲዮ ጋር ትማግጣለች ብሎ በውሸት፣ በአንድ መሐረብ፣ ያሳምነዋል። ኤሚሊያ ደግሞ የዴዝዴሞና ደንገጡር ናት።

ግማሹ ጭቅጭቅ ከቃል የመጣ ነው። በእኛ አፍ ጀግና ማለት ምስጋና ነው። አንድን ሰው ጀግና ካልሽው አጨበጨብሽለት ማለት ነው። ሲኒማ ቤት ያደግን ሰዎች ደግሞ ዋናውን ሰው «አክተሩ» ነበር የምንለው። አክተሩ አይሞትም፣ አክተሩ አይሳሳትም፣ ሁላችንም የአክተሩ ወገን ነን። የትራጀዲ ጀግና ግን የታሪኩ ሸክም የተጫነበት ሰው ማለት ብቻ ነው፣ ምርቃት የለበትም። ክቡር የሚለውም ያው ነው። መኳንንት ብንል ሹመት ይሆናል። ጨዋ ብንል ድሮ የዘር ነገር ነበር፣ ዛሬ ደግሞ ክፍል ውስጥ የማይረብሽ ልጅ ማለት ሆኗል። ክቡር ብንል ከሚኒስትር ስም ፊት የሚለጠፍ ማዕረግ ነው። አዘጋጅሽ ክቡር ሲል የማይሰደብ ማለቱ ይመስለኛል፣ እሱ ማዕረግ ነው። እኔ እዚህ ክብር የምለው ሌላ ነገር ነው፤ ሰውየው ራሱን የሚመዝንበት ሚዛን እኛ እሱን ከምንመዝንበት ያላነሰ ሲሆን ነው።

አርስቶትል ፖየቲክስ በሚባለው ጽሑፉ የትራጀዲ ሰው በጣም ደግም በጣም ክፉም እንዳይሆን ይላል። በጣም ደጉ ሲወድቅ እንደነግጣለን፣ ነገሩ ያንገሸግሸናል። በጣም ክፉው ሲወድቅ እሰይ እንላለን። ከለገሃር ወደ ማዘጋጃ ሽቅብ ስትሄጂ የአቡነ ጴጥሮስን ሐውልት ታገኛለሽ። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያኖች በጥይት የገደሏቸው ጳጳስ ናቸው። እሳቸው ሰማዕት ናቸው፣ ግፉ የገዳዮቻቸው ነው፣ ክብራቸውም አያከራክርም። የትራጀዲ ጀግና ግን በራሱ እጅ ነው የሚወድቀው። ለዚህ የአርስቶትል ቃል ሐማርቲያ ነው። ትምህርት ቤት «የጀግናው እንከን» ተብሎ ነው የተማርነው፣ በፈተናም «የኦቴሎ እንከን ምንድን ነው? ሀ. ቅናት» ተብለን አክብበናል። ቃሉ ግን ቀስተኛ ዒላማ ሲስት የሚባልበት ነው፣ በግሪኩ አዲስ ኪዳን ደግሞ ኃጢአት ለማለት ያገለግላል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። እንከን ይዘሽው የምትወለጂው ነገር ነው። መሳት ግን ወርውረሽ ነው፣ አንቺ ነሽ የወረወርሽው።

የግሪኩን ተውኔት ንጉሥ፣ ኤዲፐስን ውሰጂ። አባቱን ሦስት መንገድ የሚገናኝበት ቦታ ላይ ገደለ፣ እናቱን አገባ፣ ከእሷም አራት ልጅ ወለደ። ሁሉንም ሳያውቅ። ከዚህ የከፋ ምን አለ? ግን ተውኔቱ ሲጀመር ይህ ሁሉ ካለፈ ብዙ ዓመት ሆኖታል። መድረኩ ላይ የምናየው ምርመራውን ነው፣ መርማሪውም ራሱ ተከሳሹ ነው። ሚስቱ ተው በቃ ትለዋለች፣ ሽማግሌው እረኛ አታስለፍልፈኝ ይለዋል፣ እሱ ግን ገመዱን መሳብ አያቆምም፣ ገመዱ የገዛ አንገቱ ላይ መሆኑን መጠርጠር ከጀመረ በኋላም ይስባል። ሲያውቅ ከሞተችው ሚስቱ ከዮካስታ ልብስ ላይ የወርቅ መርፌዎቹን ነቅሎ ዓይኑን ወጋ። ከዚያ የሚለውን ስሚ፤ ይህን መከራ ያመጣብኝ አፖሎ ነው፣ ዓይኔን የወጋው እጅ ግን የእኔ ነው። አምላኩን ጠቅሶታል፣ ከአምላኩ ጀርባ ግን አልተደበቀም። ክብር የምልሽ ይቺን ነው።

አሁን ወደ ጓደኞችሽ። «ሰይጣን አሳስቶኝ ነው» የፖሊስ ጣቢያ ቋንቋ ነው። ሰውን ከጥፋቱ ነጻ ስታወጪው ከውሳኔውም ታወጪዋለሽ፣ ያኔ የሚተርፍሽ ኢያጎ በክር የሚያንቀሳቅሰው አሻንጉሊት ነው። አሻንጉሊት ሲወድቅ ማን ያለቅሳል? ኢያጎ ያመጣው መሐረብ ነው፣ እንጆሪ የተጠለፈበት ጨርቅ። ከዚያ ጨርቅ እስከ አልጋው ያለውን መንገድ ኦቴሎ በገዛ እግሩ ነው የሄደው። ካሲዮን ጠርቶ ፊት ለፊት መጠየቅ ይችል ነበር። ከሁሉ በላይ ደግሞ በአራተኛው ገቢር አንቺን፣ ኤሚሊያን፣ ጠይቆሻል። ታማኝ ናት፣ ነፍሴን አስይዛለሁ ብለሽዋል። ሰምቶሽ አለፈ። አሁን አዘጋጅሽ ለሁለተኛ ጊዜ ሊያልፍሽ ነው።

ልጅ ሆኜ፣ ክረምት አያቶቼ አገር ሄጄ፣ አንድ የእርቅ ቀን አይቻለሁ። ነፍስ ያጠፋው ሰው ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ በሟች ቤተሰብ ፊት ተንበርክኳል። የድንጋዩን መጠን አልረሳውም፣ የወፍጮ መጅ ያህላል። ሽማግሌዎቹ ምን አደረግህ አሉት። «በድያለሁ» አለ፣ ድንጋዩን አወረዱለት። ቀና ሲል «ግን እሱም ድንበሬን...» ብሎ ጀመረ። አንዱ ሽማግሌ በከዘራው መሬቱን መታ መታ አደረገና «ድንጋዩን መልሱለት» አለ። ተውኔት በማነብበት ቁጥር ይህች ከዘራ ትመጣብኛለች። ጀግናው ሲናዘዝ የምቆጥረው እንባውን አይደለም፣ «ግን» የምትለዋን ቃል ነው።

እስቲ በዚህ ጆሮ የኦቴሎን መጨረሻ እንስማው። ቃሉን በራሴ አማርኛ ነው የማስቀምጥልሽ፣ ጸጋዬ ገብረመድኅን የተረጎመውን ጎን ለጎን ይዘሽ አስተያዪው። መኝታ ቤት ሲገባ በራሱ ዓይን ባል አይደለም፣ ዳኛ ነው። ደሟን አላፈስም፣ በረዶ የመሰለ ቆዳዋን አላቆስልም ይላል። ማፈኑ ለዚህ ነው፣ ንጹሕ ግድያ ነው የፈለገው፣ ለራሱ እንኳ ግድያ የማይመስል። ጸልዪ፣ ያልተዘጋጀች ነፍስ አልገድልም ይላታል። ይህን ያለ ሰው ትንሽ ቆይቶ ግማሽ ሰዓት ስጠኝ ስትለው አይሰጣትም፣ አንድ ጸሎት ብቻ ላድርስ ስትለው አልፏል ይላታል። እዚህ ጋ ዳኛው ሞቷል፣ የቀረው የተናደደ ሰው ነው። ይህን ማንም አዘጋጅ እንዳያለሰልሰው። እሷ ደግሞ እያጣጣረች፣ ማን ነው እንዲህ ያደረገሽ ስትያት፣ ማንም፣ እኔው ራሴ ነኝ ትልሻለች። ለገደላት ሰው ዋሸችለት። ኦቴሎስ ምን አለ? ውሸታም ሆና ገሃነም ወረደች፣ የገደልኳት እኔ ነኝ። አመነ፣ ግን በዚያው አፍ ረገማት። ድንጋዩን መልሱለት።

ከዚህ በኋላ ነው ያንቺ ስድብ የሚመጣው። ሰይፍ ይመዝብሻል፣ ሰይፍህ ምኔም አይደለም ትይዋለሽ። የመሐረቡን እውነት ታወጪዋለሽ። ከዚያ ያቺን ትልቋን ትወረውሪያለሽ፤ እንዳንተ ያለ ቂል እንዲህ ያለች ሚስት ምን ያደርግለታል! አሁን ጽሑፈ ተውኔቱን ወደፊት ገልበጥ ገልበጥ አድርጊ። ኦቴሎ እውነቱን ሁሉ ከሰማ በኋላ ስለራሱ የሚለው ምንድን ነው? ቂል! ቂል! ቂል! ቃሉ ያንቺ ነው። አንስቶ በገዛ አንገቱ አሰረው። በዚህች ቦታ ላይ «ግን» የለም። እንግዲህ አዘጋጅሽ ክብሩን ይገፋል ያለው ስድብ፣ ሰውየው ክብሩን የሚመልስበት ብቸኛው ዕቃ ሆኖ ተገኘ። አንቺን ካወጣሽ እሱ ቂል ሲል ከየት አመጣው?

የመጨረሻው ንግግሩ ላይ ባለሙያዎችም አልተስማሙም። መንግሥትን ማገልገሌን ታውቃላችሁ ይላል፣ ስለ እኔ ስትጽፉ ምንም አታቅልሉልኝ በክፋትም አትጨምሩብኝ ይላል፣ አብዝቶ ያፈቀረ ግን ማፍቀር ያላወቀበት በሉኝ ይላል። ብራድሌይ የሚባለው እንግሊዛዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1904 ባሳተመው መጽሐፍ የኦቴሎን ክብር ሙሉ በሙሉ ተቀብሎታል። ገጣሚው ኤሊየት ደግሞ በ1927 ይህ ሰው ራሱን እያጽናና ነው፣ ዴዝዴሞናን ረስቶ ስለራሱ ነው የሚያስበው አለ። እኔ ምን እላለሁ? አብዝቶ ያፈቀረ የምትለዋ ነገር አትጥመኝም፣ ከዘራው መሬት የሚመታባት ቦታ ናት። አታቅልሉልኝ የምትለዋን ግን አምነዋለሁ። ሁለቱም በአንድ ትንፋሽ መምጣታቸው ነው ሰውየውን ሰው የሚያደርገው። ይህ ሚዛን የሚሠራው ግን ክፍሉ ውስጥ ሌላ ድምፅ ተሰምቶ ከሆነ ብቻ ነው። ኤሚሊያ ከሌለች ኤሊየት አሸነፈ፣ መድረኩ ላይ የቀረው ራሱን የሚያሞግስ ገዳይ ብቻ ነው።

ሁሉም ይተርፋል እያልኩ አይደለም። የሼክስፒር ሌላው ጀግና ማክቤዝ አይተርፍም። ዳንከንን ለምን መግደል እንደሌለበት ራሱ ይዘረዝራል፤ ዘመዴ ነው፣ ንጉሤ ነው፣ ቤቴ ያደረ እንግዳዬ ነው። ይህን ብሎ ገደለው። ቀጥሎ ጓደኛውን ባንኮን አስገደለ፣ ቀጥሎ የባላጋራውን የማክደፍን ሚስትና ልጆች። መጨረሻ ላይ ማክደፍን ሲያየው ነፍሴ በቤተሰብህ ደም ከብዳለች፣ ተመለስ ይለዋል፣ ብልጭ ብላ የጠፋች ነገር ናት። ዓይኑ እስከ መጨረሻው ጥርት ያለ ነው፣ ንግግሩ ያስደነግጣል፣ ታላቅ ነው። ክቡር ግን አልለውም። ታላቅነትና ክብር እንደሚለያዩ ያስተማረኝ እሱ ነው።

እሱም አንድ ጊዜ አታልሎኛል። አንድ ቴአትር ቤት፣ ስሙ ይቅር፣ ማክቤዝን ስናዘጋጅ ሰዓቱ ረዘመብንና የማክደፍን ቤት ትዕይንት አወጣነው። የሃሳቡ ባለቤት እኔ ነበርኩ። በመጨረሻዎቹ ልምምዶች ሠራተኞቹን ሁሉ ቁጭ አድርገን አሳየናቸው። ማክቤዝ ሲሞት ተጨበጨበ፣ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ «ምስኪን፣ ሚስቱ ናት ያጠፋችው» አለች። አላማረኝም። በማግሥቱ ትዕይንቱን መለስነው። ያ ትንሽ ልጅ «እማዬ፣ ገደለኝ» ብሎ ሲወድቅ ያችው ሴትዮ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ያዘች፣ እስከ መጨረሻውም አላወረደችውም። ማክቤዝ ሲሞት ማንም አላጨበጨበም። ግን ማንም ዓይኑን አልነቀለም። የተበዳዩን ድምፅ ቆርጠሽ የምታተርፊው ክብር እንደዚያ ቀን ጭብጨባ ነው፣ የተሰረቀ ነው።

ይህን የምለው የባሕር ማዶውን ብቻ ይዤ እንዳይመስልሽ። ቴዎድሮስ አደባባይ መንገድ ሲዘጋጋ፣ ሚኒባስ ውስጥ ሆነሽ፣ የሴባስቶፖልን ምስል አይተሽዋል። ካሣ ኃይሉ ከቋራ ተነስቶ በ1847 ዓ.ም. ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ፣ አገር አንድ አደርጋለሁ ብሎ ተነሳ፣ በ1859 ጎንደርን አቃጠለ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 መቅደላ ላይ ሽጉጡን ጠጣ። ከመሞቱ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ደግሞ ከዚያው አምባ ብዙ ኢትዮጵያውያን እስረኞች አስገድሏል፣ ገደል የተወረወሩም አሉ። አልቃሹ «መቅደላ አፋፉ ላይ ጩኸት በረከተ፣ የሴቱን አናውቅም ወንድ አንድ ሰው ሞተ» አለ። ሁላችንም በቃላችን እናውቃታለን፣ እኔም ስላት ቆዳዬ ይቆማል። ግን እስቲ አንዴ እንደ ኤሚሊያ ስሚያት። ወንድ አንድ ሰው ሞተ። በዚያ ሳምንት ከዚያ አፋፍ የወደቁት ስንት ነበሩ? ግጥሟ አልቆጠረቻቸውም። ሙሾ ናትና መብቷ ነው፣ ሙሾ ለአንድ ሰው ነው የሚለቀሰው። ተውኔት ግን ያ መብት የለውም። ንጉሡ ራሱ ለእንግሊዙ ጦር አዛዥ ለናፒየር በላከው ደብዳቤ፣ ቴዎድሮስ ሳይሆን ካሣ ብሎ፣ በሕዝቡ ላይ ክፉ ማድረጉን ያምናል፤ በዚያው ደብዳቤ ግን አስቆጡኝም ይላል። አመነ፣ «ግን» አለ፣ ከዚያ ደግሞ እጄን አልሰጥም ብሎ ሞተ። አንድ ጸሐፊ እነዚያን እስረኞች መድረክ ላይ አውጥቶ፣ ስማቸውን አስጠርቶ፣ ንጉሡን ፊታቸው ቢያቆመው ቴዎድሮስ ያንስ ነበር? እኔ ይከብድ ነበር ባይ ነኝ።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ፣ አንቺም ቡድንሽም። የመድረክ ክብር ከመድረክ አይወርድም። ሰፈራችን ውስጥ ሚስቱን ገድሎ «በጣም ስለምወዳት ነው» ያለ ሰው ሲኖር ኦቴሎ እያላችሁ እንዳታጌጡለት። ኦቴሎን የምናዝንለት ሁሉን ስላየን ነው፣ ልቡን ከውስጥ፣ እሷን በሕይወት ሳለች፣ አንቺን ስትጮሂ። ለሰፈሩ ሰውዬ ያ ሁሉ የለም፣ ያለው የሟች እናትና የፍርድ ቤት መዝገብ ነው። ደግሞ ክብር ዕዳ አይቀንስም። ኤዲፐስ ዓይኑን ቢያጠፋም አባቱ አልተነሳም። ክቡር ነው ስልሽ ይቅር በሉት ማለቴ አይደለም። ማዘንና ይቅር ማለት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፣ ቴአትር የሚያውቀው የመጀመሪያውን ነው።

አንቺም ብትሆኚ «ምን ክብር አለው» ብለሽ ከዘጋሽው ኤሚሊያን በደንብ አትጫወቻትም። ቁጣዋ እሳት የሚሆነው ይህ ሰው ከዚህ የተሻለ እንደነበር ስለምታውቅ ነው። ከተራ ወሮበላ ምን ትጠብቂያለሽ? ቂል አይባልም፣ ወሮበላ ነዋ።

ስለዚህ ለአዘጋጅሽ እንዲህ በይው። ሰዓት ከረዘመበት የሦስተኛውን ገቢር ቀልደኛ ይቁረጠው፣ ብዙ ቴአትር ቤት ይቆርጠዋል፣ ማንም አይናፍቀውም። የአዋጅ ነጋሪውን ትዕይንትም ያውጣ። መጨረሻ ላይ ከሮድሪጎ ኪስ የሚወጡትን ደብዳቤዎች ያሳጥር። ያንቺን አንድ መስመር እንዳይነካ። አንቺ ደግሞ ከመጮህሽ በፊት የቆምሽበትን ቦታ ምረጪ፤ በአልጋውና በእሱ መካከል ቁሚ፣ ቂል የምትለዋን ቀስ ብለሽ በያት፣ እሱ ደግሞ በኋላ ሲደግማት በዚያው ዜማ ይድገማት፣ ተመልካች ያለ ማንም አስረጂ ይይዛታል። ኢያጎ ከወጋሽ በኋላ እመቤቴ ጎን አስተኙኝ ትያለሽ። ይህን ብዙ ቡድን ይረሳዋል፣ ኤሚሊያን ወለል ላይ ትተው ኦቴሎና ዴዝዴሞና ብቻቸውን አልጋው ላይ እንዲያምሩ ያደርጋሉ። እንቢ በይ። የቬኒሱ መልእክተኛ ሎዶቪኮ ለኢያጎ የዚህን አልጋ ሸክም ተመልከት ሲለው፣ አልጋው ላይ ሦስት ሰው ይኑር።